በሩቂያ ደጅ የሚያልፍ ሩጫ

ሩጫ ልጀምር ነው ብሎ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ሽበቴን አይቶ፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት ሶምሶማ ስወጣ አይቶ፣ አንድ የደበቅኩት ምስጢር ያለኝ ይመስለዋል። ስለ ጫማ ይጠይቀኛል፤ ከቁርስ በፊት ነው ወይስ በኋላ ይለኛል። እኔ ደግሞ መልሼ፣ «የምትሮጠው በየትኛው ሰፈር ነው? ጎረቤቶችህ ያውቃሉ?» እለዋለሁ። ይስቃል። ቀልድ መስሎት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አስቀምጦ ማስረዳት ስለሚያደክመኝ ብዙ ጊዜ «ቀስ ብለህ ጀምር» ብዬ እሸኘዋለሁ።

ዛሬ ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ ሩጫ የጀመርኩት 1980 ዓ.ም. እንደገባ፣ ሆሳዕና ከተማ አስተማሪ ሆኜ ነው። በዚያን ጊዜ ያላደከመን ነገር አልነበረም። ከክፍል ወጥተን ውይይት ክበብ፣ ከውይይት ክበብ ወጥተን የቀበሌ ስብሰባ፣ ከስብሰባው ወጥተን የስኳር ሰልፍ። ቤተ ክርስቲያናችን በደርግ ከታሸገ ቆይቶ ስለነበር ጸሎታችንን በየቤቱ በሹክሹክታ ነበር የምናደርሰው። እግዚአብሔርን በሹክሹክታ ማመስገን ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ራሴን ያመኝ ጀመር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ፊደሎቹ ይዋኙብኛል፤ ደረጃ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ይፈጫል።

ሚስቴ ጵርስቅላ እጄን ይዛ የአጎቷ ልጅ ጠና ዘንድ ወሰደችኝ። ጠና በክሊኒክ ጤና ረዳት ነበር። ከወንበሩ ለመነሳት ሁለት ጊዜ የሚያቃስት ወፍራም ሰው ነው። ክንዴን አስሮ ነፋ፤ እንደገና ነፋ፤ ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ወንድምህ አክሊሉ ሲሞት በዕድሜ ከአንተ ይበልጥ ነበር?» አለኝ።

ወንድሜ ሀደሮ ገበያ ላይ በበሬ ዋጋ እየተከራከረ፣ ዋጋ ሊጠራ አፉን እንደከፈተ ነው የወደቀው። አባቴም እንደዚሁ፣ ደህና ውሎ ማታ እራት ላይ ነው የሄደው። አክሊሉ ሲሞት እኔ ያኔ ከነበርኩበት ዕድሜ ብዙም አልራቀም ነበር።

«ደም ብዛት ነው» አለ ጠና። «በዘር የመጣ ነው። ዝም ካልከው ቀጣዩ አንተ ነህ።»

«ኪኒን ስጠኛ።»

«ኪኒን አዲስ አበባም ጠፍቷል። ሲመጣ እሰጥሃለሁ። እስከዚያ ሩጥ።»

እንዴት እንደምሮጥም ነገረኝ። መጀመሪያ ቀን እንደ ወታደር እንዳትሮጥ አለኝ። ትንሽ ሩጥ፣ ትንሽ በእግርህ ሂድ፣ ደግሞ ትንሽ ሩጥ፤ በእግር መሄድ አያሳፍርም። እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፣ ቀንስ። ጉልበትህን ካመመህ እረፍ፣ ከሰነፍክ ግን አትረፍ። «ደግሞ ጠዋት የሚጠብቅህ ሰው ይኑር» አለኝ። «የሚጠብቀው የሌለው ሰው በሳምንቱ ይተወዋል።»

«አንተ ለምን አትሮጥም?» አልኩት።

«እኔ ሐኪም ነኝ» አለኝ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ።

ጠና ያልነገረኝ፣ እኔም የሀዲያ ልጅ ሆኜ ሳለሁ የዘነጋሁት አንድ ነገር ነበር። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በማለዳ አይሮጥም። ሕፃን ይሮጣል፤ ተማሪ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ይሮጣል። ቤት ያለው፣ ሚስት ያለው፣ የተከበረ ሰው ጎህ ሲቀድ ሲሮጥ ከታየ ግን ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሞት የሰማ ሰው እየሮጠ ነው ለቅሶ የሚደርሰው። ለቅሶው ላይም ወንዱ ከወዲያ ወዲህ እየሮጠ ነው የሚያለቅሰው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለአክሊሉ ራሴ እስኪበቃኝ ሮጫለሁ። ጠና «ስፖርት» ሲለኝ ግን ያኛው ሩጫ ሌላ፣ ይሄኛው ሌላ መሰለኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ መንገዱ ደርቋል። የስፖርት አስተማሪያችን ያወሰኝን ሸራ ጫማ አሰርኩ፣ አሮጌ ሱሪዬን በገመድ አጠበቅኩ፣ ጵርስቅላ በሩ ላይ ቆማ ሳቋን እየዋጠች ሸኘችኝ። ሰዓት እላፊው እንደተነሳ ወጣሁ። ገና የጎረቤቴን የሩቂያን ደጅ ከማለፌ ከኋላዬ የሴት ጩኸት ሰማሁ። ዘወር አላልኩም። ትንሽ ቆይቶ ጩኸቱ በዛ፤ የእግር ኮቴም መጣ። ሌባ እያሳደዱ ነው ብዬ፣ መሀላቸው እንዳልገባ ፍጥነቴን ጨመርኩ። እነሱም ጨመሩ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። ባሕር ዛፍ ተደግፌ ዞር ብል የሰፈሩ ሰው በሙሉ ተከትሎኛል። ነጠላ ያዘቀዘቀ፣ ደረት የሚመታ፣ አንድ እግሩን ጫማ ያደረገ፣ እንባው የወረደ። ከበቡኝ።

«ማን ነው?» አሉኝ። «ማን ነው? ማን ነው?»

«ምኑ?»

«የሞተው!»

«ማንም አልሞተም» አልኩ እያለከለክኩ። «ስፖርት ነው።»

ከሁሉም ፊት የቆሙት ሐጂ ዑመር ናቸው፤ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ እህል ነጋዴ፣ ቆፍያቸው መንገድ ላይ ወድቆ ባዶ ራሳቸውን ነበሩ።

«መምህር» አሉኝ፣ ጉልበታቸውን ይዘው። «ሰው ሳይሞት ነው በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያስሮጥከኝ?»

አንዳንዱ ሳቀ። አንዳንዷ በሀዲይኛ ረገመችኝ። ቀድሞ የፈሰሰ እንባ እንዲያው በከንቱ ሲቀር እንዴት እንደሚያናድድ ያን ቀን ከፊታቸው አየሁ። አንገቴን ደፍቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ በእግሬ።

ሩቂያን ያየኋት ስመለስ ነው። ደጇ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ በአንድ እጇ የአጥሩን እንጨት ጨብጣለች። ሩቂያ ቅቤ ነጋዴ ናት። እስከ ሾኔ ገበያ እየወረደች ቅቤ ታመጣለች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያላት ልጅ አንድ ኑሪ ብቻ ነው። ኑሪን አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ ማካፈል እስከ መጨረሻው ያልገባው፣ ግን ሰሌዳ የሚጠርግ ሲጠየቅ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ልጅ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ሄደ። አንድ የቆሰለ የሙዱላ ልጅ ሲመለስ ሰላምታውን አምጥቶላት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ጠፋ። ማን ይጠየቃል? ቢጠየቅስ ማን ይመልሳል?

«ኑሪ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፣ የኑሪ እናት።»

«አትዋሸኝ መምህር።»

«በእግዚአብሔር አይደለም። ሐኪም አዞኝ ነው። ስፖርት ነው።»

ሸራ ጫማዬን አተኩራ አየችው። የማወራውን እውነት ከጫማው ላይ የምትፈልግ ትመስላለች።

«ሌላው ሮጦ ተከተለህ» አለች። «እኔ እግሬ አልነሳ አለኝ። ወደኔ ነው የመጣኸው ብዬ።»

ደግፌ አነሳኋት። እጇ በረዶ ሆኗል። ያን ቀን ሾኔ አልሄደችም።

ሩጫውን ተውኩት። ጵርስቅላ ግን አልተወችኝም። የአክሊሉን ሚስት ታነሳብኛለች፤ ልጆቻችንን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራች ማን ያሳድጋቸዋል ትለኛለች። እንግዲያው ጓሮ ውስጥ ልሩጥ ብዬ በእንሰቱ ዙሪያ መዞር ጀመርኩ። ጓሯችን ጠባብ ናት፤ ገና ሳልሞቅ እዞራለሁ፣ ዞሬ ሳልጨርስ እዞራለሁ። የታሰረችው ላማችን እንደኔው ዙሪያዋን እየዞረች ገመዱን ራሷ ላይ ጠመጠመች። የእንሰቱ ቅጠል ጤዛውን አንገቴ ውስጥ ያፈስብኛል። ጵርስቅላ በጓሮ በር ብቅ ብላ «ወዴት ደረስክ? አንጋጫ ገባህ?» ትለኛለች። በስተመጨረሻ አዞረኝና እንሰት አቅፌ ተገኘሁ።

ሌላ መንገድ ፈለግኩ። ቤታችን ያለው መንገዱ መሀል ላይ ነው። በስተግራ ሩቂያ ናት፤ በስተቀኝ በኩል ልውጣ ብዬ አንድ ቀን በማለዳ ሞከርኩ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ብቅ አለና ክንዴን ያዘኝ፤ ታናሽ ወንድሙ አስመራ ዘምቷል ለካ። በታችኛው በኩል ዞሬ ሞከርኩ፤ እዚያ ደግሞ ሁለት እህቶች ደጃቸው ላይ አይተውኝ ተቃቀፉ። ስንት ቤት እንደዚህ ይጠብቅ እንደነበረ ሳልሮጥ አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ስሄድ በየደጁ «እንደምን አደራችሁ» እያልኩ አልፍ ነበር፤ እነሱም «ደህና» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምናቸው ነበር። በሩጫ ሳልፍባቸው ግን የሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ሆነ። ከተማው ሁሉ ጆሮውን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የሚያድረው። እንዲህ ካለ ከተማ መሀል ለደም ብዛት ብዬ የምሮጠው ሩጫ አሳፈረኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ቢገድለኝም ይግደለኝ ብዬ ጫማውን ለባለቤቱ መለስኩለት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሩቂያ ቤታችን መጣች። ለጵርስቅላ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ይዛለች። ቁጭ አለች፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ሩጫውን ተውክ አሉ።»

«ተውኩት።»

«ለምን?»

«ምን ላድርግ የኑሪ እናት? ሰው ማስደንገጥ ሆነብኝ።»

«ሚስትህ ነገረችኝ። ካልሮጥክ ትሞታለህ አሉ።» ጵርስቅላን አየችና እንደገና ወደኔ። «ስማ መምህር። እኔ የምሸከመው ይበቃኛል። በኔ ምክንያት ሳትሮጥ ቀርተህ አንድ ነገር ብትሆን ደግሞ እሱን ልሸከም ነው? ይህችን ልጅ በየቀኑ ደጄ ላይ ያለ ባል ላያት ነው? ደክሞኛል እኮ። በእናትህ ሌላ አትጨምርብኝ። ሩጥ።»

«ስሮጥ ትደነግጫለሽ።»

«የምደነግጠው ዝም ብለህ ስትመጣ ነው። ከደጅህ ስትነሳ ጩህ። ደህና ነው በል። ከዚያ እንደ ፈለግክ ሩጥ።»

እንዲህ ሆነ። ጫማውን በልመና መልሼ ወሰድኩ። ሰኞ ማለዳ ከደጄ ስነሳ «ደህና ነው! ስፖርት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ለራሴ አስቀኝ። ከአጥሩ ውስጥ ሩቂያ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። አለፍኩ። ማንም አልተከተለኝም።

ነገሩ እዚያ አልቆመም። ከሩቂያ ቀጥሎ ትንሽ አለፍ ብሎ የልብስ ሰፊው ሚስት አስናቀች አለች፤ የሷም ልጅ ከኑሪ ጋር በአንድ መኪና ነው የተጫነው። «ለሷ ትጮሃለህ፣ እኔስ?» ብላ መንገድ ላይ ቆመችብኝ። ለሷም መጮህ ጀመርኩ። እሷ «ተመስገን!» ትላለች። ከዚያ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ፣ ከዚያ ሁለቱ እህቶች። እኔ በየደጁ «ደህና ነው!» እላለሁ፣ እነሱ በየእምነታቸው ይመልሳሉ። ምን ያህሉ ደህና እንደሆነ እኔ ምን አውቄ? የምነግራቸው የራሴ እግር ክፉ ነገር ይዞ አለመምጣቱን ነው። ይህንንም ያውቃሉ። ቢሆንም መስማት ይፈልጋሉ።

ለሩጫው ግን በጀኝ። ጠና እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል አላለኝም? እኔ ማውራት ብቻ ሳይሆን መጮህ ስላለብኝ መፍጠን አልቻልኩም። ትንሽ እሮጣለሁ፣ እጮሃለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እንደገና እሮጣለሁ። የአብዮት ጥበቃው ጓድ መጀመሪያ «ይህ መፈክር በማን የተፈቀደ ነው?» ብሎ አስቁሞኝ ነበር፤ በኋላ ለመደኝና «መምህር፣ የኔም ወንድም አለ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ነገረኝ። ጥምቀት ሲደርስ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ወፍጮ ዝም አለ። ጠና ክንዴን ነፍቶ፣ ሁለተኛ ነፍቶ፣ «አየህ?» አለ ራሱ የሮጠ ይመስል።

አንድ ጊዜ ብቻ አመለጠኝ። ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ቀረሁ። ፀሐይ ሳትወጣ በራችን ተንኳኳ። ሩቂያ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«ዛሬ ለምን ዝም አልክ?» አለችኝ።

«ጉንፋን ነው።»

ግንባሬን በእጇ ነካችው። ትኩሳቴን ስታገኝ ፊቷ በራ፤ እውነተኛ ጉንፋን ነዋ። «እንግዲህ ተኝተህም ቢሆን ጩህ» አለችና ቅቤዋን ተሸክማ ወደ ገበያ ሄደች። ከዚያ በኋላ ቀርቼ አላውቅም። አንዳንድ ጠዋት አጥንቴ ሁሉ ተኛ ተኛ ይለኛል፤ ስብሰባው አምሽቶብኛል፣ ዝናብ ይጥላል፣ ሸራ ጫማው እርጥብ ነው። እነሳለሁ። እሷ አጥሩ ውስጥ ቆማ እየጠበቀችኝ እንደሆነ ስለማውቅ እነሳለሁ። የሚጠብቅህ ሰው ይኑር ያለኝ ጠና ይህንን ማለቱ አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሐጂ ዑመር ትምህርት ቤት መጡ። በግቢው ውስጥ ልጆቹ እየጮሁ ይጫወታሉ። ሐጂ ባዶው ክፍል ውስጥ ገብተው የልጆች መቀመጫ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ፤ ብትራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ከቀበሌ ጠርተውኝ ነበር» አሉ።

ገባኝ፤ ቀበሌ ሽማግሌ የሚጠራው መርዶ ሲመጣ ነው። ቢሆንም ሌላ ስም እስኪጠሩ ጠበቅኩ።

«የኑሪ ነገር ነው» አሉ።

ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

«መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ቆይቷል። ለመስቀል ሰሞን ነው አሉ።»

ለመስቀል ሰሞን። እንግዲህ እኔ የመጀመሪያ ቀን የሮጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሩቂያ መሬት ላይ ተቀምጣ «ኑሪ ነው?» ስትለኝ፣ በእግዚአብሔር ስም «አይደለም» ስላት፣ ልጁ አፈር ገብቶ ነበር። ከዚያ ጀምሮ በየማለዳው ደጇ ላይ ደህና ነው እያልኩ የጮኽኩት በሞተ ልጅ ላይ ነው።

«ነገ ጠዋት እንደ ወጉ እንነግራታለን» አሉ ሐጂ። «አንተም ከእኛ ጋር ትሄዳለህ።»

«አልሄድም።»

«መምህር...»

«አልሄድም! ለምን እኔ? በየቀኑ ደህና ነው ስላት የከረምኩት ሰውዬ በየትኛው አፌ ነው አሁን...» ድምፄ ከፍ ብሎ ልጆች በመስኮት አዩን። ዝቅ አደረግኩት። «ደግሞስ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ? ብሮጥ ደህና ነው ልላት ነው? ባልሮጥ ደግሞ እኛ ሳንደርስ ታውቃለች።»

ሐጂ ብትራቸውን አነሱ። ያን ብትር ይዘው ስንቱ ቤት እንደሄዱ ፊታቸው ላይ ነበር።

«እኔ ዘንድሮ ሰው ደጁ ላይ ሲያየኝ የሚሸሸኝ ሆኛለሁ» አሉኝ። «ሰላም ልላቸው ስሄድ እንኳ ያለቅሳሉ። ደክሞኛል መምህር። ከአንተ ጋር የምከራከርበት አቅም የለኝም። ልጁን ያስተማርከው አንተ ነህ። ና።»

ጵርስቅላ ማታ ስታለቅስ ድምፅዋ በአጥሩ እንዳይሻገር አፏን በነጠላ ይዛ ነበር። እኔ ተቆጣሁ፤ ጠናን ሰደብኩ፣ ሐጂን ሰደብኩ፣ ያንን ሸራ ጫማ ከአልጋው ሥር አውጥቼ ወረወርኩት። ሲነጋ ራሴን ሳገኘው ጫማውን አንስቼ እያሰርኩ ነው። እግር የለመደውን ያደርጋል። ፈትቼ ልቀይር ስል ሽማግሌዎቹ ደጅ ደረሱ፤ እንዲሁ ወጣሁ።

ሐጂ ዑመር ከፊት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከሳቸው ጋር፣ እኔ ከኋላ። በእግራችን ሄድን። የምጮህበት ሰዓት አልፏል። ከደጄ እስከ ደጇ ሩቅ አይደለም፤ በሩጫ ሳልሞቅ የማልፈው መንገድ ነው፤ ያን ቀን ግን አልገፋ አለኝ።

ሩቂያ አጥሩ ውስጥ አልነበረችም። ደጇ ላይ ወጥታ፣ የአጥሩን እንጨት ይዛ፣ ወደኛ በኩል እያየች ቆማለች። መጀመሪያ እግሬን አየች። ከዚያ ፊቴን።

ቆምን። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኑሪ እናት...» ሲሉ እጇን አነሳችባቸው። እሳቸውን አታያቸውም።

«መምህር» አለችኝ።

«አቤት።»

«ዛሬ አልሮጥክም።»

ወደ ጫማዬ አቀረቀርኩ።

«ጫማውን አድርገሃል» አለች። «ሩጥ።»

«የኑሪ እናት፣ እባክሽ...»

«ሩጥ አልኩህ! ተመለስና ከደጅህ ተነስ! እንደ ሁልጊዜው ጮኸህ ና! ሩጥ!»

ሐጂን አየኋቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ተመለስኩ። ደጃችን ላይ ጵርስቅላ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ዞርኩና ሮጥኩ። ቀስ ብዬ ነው የሮጥኩት፤ ጠና እንዳለኝ፤ ሰው እያወራ የሚሮጠውን ያህል። አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣ አለኝ። ሩቂያ አንገቷን ወደኔ አስግጋ ትጠብቃለች። ከንፈሯ «አልሐምዱሊላህ» ለማለት ተዘጋጅቶ ይንቀሳቀሳል። ደጇ ላይ ደረስኩ። እንደገና ሞከርኩ። ዝም ብዬ አለፍኳት።

ያን ጊዜ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም አያሰማኝ። ከኋላዬ በሮች ሲከፈቱ፣ ኮቴ ሲበዛ ሰማሁ። መቆም አልቻልኩም። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የሚያለቅሰው በሩጫ ነው፤ ሮጥኩ።

ወደፊት አስናቀች ደጇ ላይ ወጥታለች። ሁለት እጇ ራሷ ላይ ነው፤ ዓይኗ እኔ ላይ። ጩኸቱን ሰምታለች፣ እኔን ደግሞ ወደሷ ዝም ብዬ ስመጣ እያየችኝ ነው። የሷ ልጅ ሞተ ያለኝ ሰው የለም። መናገር ነበረብኝ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ደህና ነው!» አልኳት፣ እያለቀስኩ። «አስናቀች፣ ላንቺ ደህና ነው!»

ተመስገን አላለችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወደ ሩቂያ ቤት ሮጠች። እኔም ዞሬ ተከተልኳት።